ያጠፋነው መልስ

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «ሚሊሜትር» በሚል ቅጽል ስም ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌቷ ትንሽ ከመስመር ከወጣ ሙሉውን ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ምክርም እሰጣለሁ። ምነው አፌን በቆረጠው!

በኢንተርኔት መሸጥ ከጀመርን ወዲህ ደንበኛ የሚጨቀጭቀን በመልእክት ነው። እሷ ደግሞ ቱግ ማለት ይቀናታል። «እትዬ፣ ንዴትሽን መጀመሪያ ጽፈሽ አውጪው፤ ከዚያ አጥፊውና በጨዋ ደንብ መልሺ» አልኳት። ሠራላት። ችግሩ የምንሸጥበት ድረ ገጽ መልእክት መጻፊያው ነው። እየጻፍሽ ሳለ ጠቋሚው ዘሎ መጀመሪያው መስመር ላይ ይወጣል፤ ያጠፋሽው ተመልሶ ይመጣል። አቤት ስንል የድረ ገጹ ሰዎች «እየተስተካከለ ነው» ይሉናል። ይኸው ስድስት ወር ሙሉ እየተስተካከለ ነው! ስለዚህ መላ ዘየድን፤ መልእክት ከመላኩ በፊት እኔ አንብቤ «ይሂድ» እላለሁ።

አንዲት እናት ለልጇ ቀሚስ አዘዘች። ወገቡ ሰፋ ብላ መለሰችው፤ አጠበብን። ደግማ መለሰችው፤ አጠበብን። በሦስተኛው «ይቅርታ፣ አሁንም ይሰፋል» ብላ ጻፈች። ሚሊሜትር ሜትሯን ካንገቷ አውልቃ ወረወረችው። ስልኩን አንስታ ጻፈች፣ አጠፋች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ እንደገና ጻፈች።

«ነይ እስቲ እይልኝ» አለችኝ።

አንገትጌ እየተኮስኩ ነበር። ዘወር እንኳን ሳልል «ይሂድ» አልኩ።

ሄደ። «በደስታ እናስተካክላለን» ከሚለው በላይ ያጠፋችው ቁጭ ብሏል፦ «ለመሆኑ ልጅሽን ለክተሻት ታውቂያለሽ? ወይስ በየሳምንቱ ሌላ ልጅ ነው የምታለብሺው?» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኛ ግን ከተዋጠ በኋላ ነው የወጣው። ለማረም ሞከርን። የታረመ ይመስልና ገጹን ስናድሰው ያው ስድብ።

የእናትየዋ መልስ ብዙም አልቆየም። «ልጄ ያቺው አንዷ ናት። ታማብኝ ነው። በየሳምንቱ እለካታለሁ፣ በየሳምንቱ ትቀንሳለች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አላነበብሽውም፣ አይደል?» አለች እህቴ።

«አንብቤዋለሁ፤ መጻፊያው ነው የመለሰው» አልኩ። ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት። እሷም መዋሸቴን አወቀች፤ ሜትሯን ከወደቀበት አንስታ አንገቷ ላይ መለሰችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የይቅርታውን መልእክት አብረን ጻፍን፤ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናትየዋ እንዲህ ስትል መለሰች፦ «ግድ የለም፣ ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል። ልጄም አላየችውም። ሁለት ጣት ያህል አጥብቡልኝ። ትርፉን ጨርቅ ግን አደራ አትቁረጡት፤ ስትድን መልሰን እናሰፋዋለን።»

በፊት ሁለቱን ጊዜ ስናጠብ ግን ትርፉን ቆርጠን ጥለነዋል። ይህን ማን ይነግራታል? እህቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።