ሻሽ የተባለችው አይጥና የጸጉር አስተካካዩ ግራ እጅ

ጸጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ረጋበሉ» ይለዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ባዞረ ቁጥር በግራ እጁ አናቱን ከላይ ያዝ አድርጎ «ረጋ በሉ» ስለሚል ነው። የሚያለቅስ ሕፃንም፣ በስልክ የሚጨቃጨቅ ነጋዴም በዚያ እጅ ሥር ጸጥ ይላል። ይህ ልማድ ለዓመታት አብልቶታል። አይጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አይጧ የሴት ልጁ ነበረች። ልጅቷ ገዝታት ገና ሳትላመዳት ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች፤ አዲሷ አከራይ ደግሞ እንስሳ የሚባል ነገር አልፈቅድም አለች። ስለዚህ አይጧ ከነሽቦ ቤቷ ለአባት ቀረች። ሰውነቷ ነጭ ሆኖ ከአናቷ እስከ ትከሻዋ ግራጫ ስለሆነ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች፤ ስሟም ሻሽ ነው።

ረጋበሉ እንደ ሥራው ደንብ እጁን በአልኮል አሸ፣ የሽቦ ቤቱን ክዳን ከፈተና ከላይ ያዝ አደረጋት። «ረጋ በይ።» አውራ ጣቱን ነከሰችው። በማግስቱም እንደዚያው አደረገ፤ አሁን ተራው የሌባ ጣቱ ሆነ።

«ሰው ለአይጥ ወጥመድ ይገዛል፤ አንተ ጣትህን ትሰጣለህ» አለች ሚስቱ ፋሻውን እየጠቀለለችለት።

«እስክትለምደኝ ነው።»

«ያለህ እኮ አሥር ጣት ነው። የምንበላውም በእነሱ ነው። አንድ ጊዜ ከደገመችህ፣ የልጅቷ ጓደኛ ቅዳሜ መጥታ ትወስዳታለች። ነግሬያታለሁ።»

 ሚስቱ ከሥራ የምትመለሰው ከረጋበሉ በኋላ ነው። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ደግሞ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሻሽ ወረቀት ስትቀድ ብቻ ነበር። ያ ድምፅም እንዲቀር አልፈለገም።

ለልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ ከላይ ነው እንዴ የምትይዛት?»

«ታዲያ በየት በኩል ይያዛል?»

«አንተ እኮ ደንበኛ መስላሃለች። እጅህንስ በአልኮል አሽተህ ነው?»

«ንጹሕ መሆን አለበታ።»

«ለእሷ ፊትህን ሸፍነህ እንደመጣህ ቁጠረው።»

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ በጣም ደስ የሚል ነውና። የአይጥ ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ ናቸው። ዙሪያዋንም ሰማዩንም በአንዴ ትቃኛለች፣ ግን አጥርታ አታይም። ከላይ የሚወርድ ጥላ ለእሷ ጭልፊት ነው፤ ጭልፊቱ የዋህ ይሁን አይሁን ቆማ አትጠይቅም። ሰውን የምትለየው በአፍንጫዋ ነው። አልኮሉ ሽታውን ሲያጠፋው ረጋበሉ በየቀኑ አዲስ እንግዳ ይሆንባታል ማለት ነው። ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ይበልጥ ያስፈራታል።

ስለዚህ ከሥር ጀመረ። ለብሶት ያደረውን ካናቴራ ቀዶ ማደሪያዋ ውስጥ አነጠፈ። እጁን በውኃ ብቻ ታጠበ። ከዚያ ቀኝ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ የሽቦው በር ላይ አስቀመጠና ጣቱ ጫፍ ላይ የተቀቀለ ሩዝ አደረገ። አላሳደዳትም። አስቸጋሪው ግራ እጁ ነበር፤ አይጧ በተነቃነቀች ቁጥር ሊይዛት ብድግ ይላል። በመጨረሻ ተቀመጠበት።

መጀመሪያ ሻሽ ሩዙን ነጥቃ ሮጠች። ቆይቶ እዚያው ቆማ መብላት ጀመረች። ሌላ ቀን ሁለት የፊት እግሮቿን መዳፉ ላይ አሳረፈች። እግሮቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ይህን ለሚስቱ በእራት ሰዓት እንደ ትልቅ ዜና ነገራት።

«ካልሲ ላሠራላት?» አለች ሚስቱ።

ዓርብ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ ሚስቱም ሥራ አትገባም። ሚስቱ ምሳ ልታቀርብ ስትገባ ሻሽ ቀኝ ክንዱ ላይ ወጥታ፣ ጥርሷን ጣቱ ላይ ተክላ አየቻት።

«ነከሰችህ።»

«አልነከሰችኝም።»

«ጥርሷ እዚያ ነው እኮ።»

«ጸጉሬን እያስተካከለች ነው።»

«የአይጥ ምስክር ድንቢጥ። ያቺን አውርድና እጅህን አምጣ።»

ረጋበሉ እውነቱን ነበር። አይጦች የለመዱትን ጓደኛ ጸጉር በጥርሳቸው ጫፍ እየነካከሱ ያበጥራሉ፤ የማያምኑትን አይነኩም። ሚስቱ ግን ይህን አታውቅም፤ የምታውቀው ደም መኖሩንና አለመኖሩን ነው። ሻሽ ሳትወርድ በእጅጌው ገባች። ሚስቱ መነጽሯን አደረገች፣ ጣቱን ወደ መስኮቱ ስባ ገለባበጠችው፣ በአውራ ጣቷ አሸችው። ደም የለም። የጣቱ ጀርባ ላይ ግን ጸጉሩ አንድ ቦታ አጥሯል።

«እኩል አልቆረጠችውም» አለች።

ስልኳን አንስታ ወደ ልጅቷ ጓደኛ ደወለች። «ነገ አትድከሚ» አለቻት፤ ምክንያቱን አልነገረቻትም። ስልኩን አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች። «በል አስወጣትና ምሳ እንብላ።»

«ተኝታለች» አላት።

ሚስቱ ቆማ እጅጌውን ተመለከተች፤ ከክርኑ በላይ ያበጠው ቦታ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ከዚያ ትንሿን ጠረጴዛ እሱ ወዳለበት ሳበችለት፤ በግራ እጁ በላ።