የሁለቱ ካርቡራተሮች ቂም

ቂመኛ ነኝ። ሰው ሲበድለኝ አልረሳም፤ የረሳሁ በመምሰል ግን ማንም አይችለኝም። ይህ ታሪክ የበደለኝ ሰው ታሪክ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ የእድራችንም ሊቀመንበር ነው። እዚህ ግን ወረቀቱ የእኔ ስለሆነ አንቱታው ይቅርበት።

አባቴ ሲሞት ለእኔ የደረሰችኝ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ቀይ የጃፓን መኪና ናት። ወንድሞቼ ቤቱን ሲካፈሉ እሷን ማንም አልፈለጋትም። አባቴ ሊፈታ የሚችል ዕቃዋ ሁሉ ላይ በሚስማር ጫፍ ትንሽ መስቀል ጭሮበታል። ምክንያቱን እዚህ ከተማ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ብቻዋን ጋራዥ የዋለች መኪና ኦሪጅናል ዕቃዋን ጥላ ትወጣለች። ስለዚህ ባለመኪና በርጩማ ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው ኮፋኖውን ዘግቶ ነው።

እኔም እንደዚያው ቃሊቲ ባለው በሊቀመንበሩ ጋራዥ ተቀምጬ ነበር። እሱ ለሰርግ የሚያከራያት የእኔዋ ዓይነት ነጭ መኪና አለችው፤ ያን ዓይነት ሞተር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ሲሉኝ ነው የወሰድኳት። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን አረፈችና የእድሩ ሴቶች ለቅሶ ቤት ተጠራን።

"ሂጂ ልጄ፣ ለቅሶ ቀርቶ መኪና ይጠበቃል እንዴ? እኔ እያለሁ ማን ይነካታል?" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ሌላ ማንም አልነካትም። ሄድኩ። እኔ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ እሱ ሞተሬን ይከትፍ ነበር።

መኪናዋን ይዤ ስወጣ እስከ ቤት ድረስ ስትስል ሄደች። ኮፋኖውን ከፍቼ አየሁ። ነዳጅና አየር የሚያደባልቁት ሁለቱ ካርቡራተሮች መስቀል አልነበረባቸውም። ያንኑ ቀን ተመለስኩ።

"መስቀሎቹ የት ሄዱ ጋሼ?"

"ዝገት በልቷቸው ይሆናል፣ ልጄ።"

"አሉሚኒየም መቼ ነው የሚዝገው?"

"አንቺ ነርስ ነሽ፤ መርፌሽን ውጊ" አለና ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ። ከስርቆቱ ይልቅ ያ ሳቅ ነው ዛሬም ድረስ ደሜን የሚያፈላው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሳሪስ ጎሚስታ በር ላይ ነጭ መኪናው ቆማ፣ ሹፌሩ ኮፋኖዋን ከፍቶ ውኃ ሲሞላ ደረስኩ። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ሁለቱም ላይ የአባቴ መስቀል። ለእድሩ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። ሊቀመንበራችን እንዲህ አያደርግም፣ አንቺም የአባትሽ ሐዘን ገና አልወጣልሽም አሉኝ። እሱ አቀፈኝ፣ እኔም አቀፍኩት፤ ታረቃችሁ ተባልን። ሳቅፈው አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ሰው ፊት ያፍራል፣ የሠራውንም በአፉ ይናገራል።

በመጀመሪያ ግን መኪናዬ መሄድ ነበረባት። ለሌላ ጋራዥ አልሰጥም ብዬ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ አስመታሁና ሥራውን ራሴ ጀመርኩት። በእኔዎቹ ለውጦ ያስታቀፈኝን ሁለት አሮጌ ካርቡራተሮች ፈታሁ። ነዳጅ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በመርፌ ጠረግኩ፤ መርፌሽን ውጊ ብሎኝ የለ! የተበሉትን ዘንጎች ቶርኖ ቤት ወስጄ የነሐስ ቀለበት አስገጠምኩላቸው። በመጋጠሚያቸው መሐል የሚገባው ጓርኒሲዮን ስላልተገኘ ወፍራም ካርቶን በመቀስ ቆርጬ አበጀሁ። ስድስት ጊዜ ገጠምኩ፣ ስድስት ጊዜ ፈታሁ። አንድ ቅዳሜ ቤንዚን እጄ ላይ ተደፍቶ ቆዳዬ ሲላጥ አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ የንዴት ነበር።

በጣም ያስቸገረኝ ሁለቱ እኩል አየር እንዲስቡ ማድረግ ነው። መጨረሻ ላይ ልብ የማዳምጥበትን መሣሪያ ከጤና ጣቢያ ይዤ መጣሁ። ጫፉን አንዱ አፍ ላይ፣ ከዚያ ሌላው አፍ ላይ እያደረግኩ፣ የማስተካከያ ብሎኗን በካቻቢቴ በጥቂቱ እያዞርኩ፣ ፉጨታቸው አንድ እስኪሆን አዳመጥኩ። ሞተሩ ያለ አንዳች ሳል ሲዞር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ግን እሱ ትዝ አለኝና ደስታዬ መረረኝ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ግቢዬ ገባ። ልጁን ሊድር አሥር ቀን ሲቀረው ነጭ መኪናው ውኃ ጨርሳ ሞተሯ ተቃጥሏል። ልጅቷ ደግሞ ጣሪያ በሌላት መኪና ነው የምሄደው ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ ተናግራለች። እጁን ሲያፍተለትል ሳየው ልቤ ዘለለ።

"ችግር የለም ጋሼ። ግን የምነዳው እኔ ነኝ" አልኩት።

መረቀኝ። ሽማግሌዎቹም መረቁኝ።

በዚያ ሳምንት ከጤና ጣቢያ አንድ ነገር ይዤ መጣሁ። የሚደማ የደም ሥር የምንይዝባት፣ መቀስ የምትመስል የብረት መቆንጠጫ ናት። ቤንዚን ወደ ካርቡራተሮቹ የሚሄድባትን የጎማ ቱቦ ግማሽ በግማሽ ቆነጠጥኩባት። እንደዚያ ስትሆን ሜዳውን ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይራብና ይጠፋል። ሰርገኛው በሚያልፍበት መንገድ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳሪስ አቦ አጠገብ ዳገቱ ላይ ቆመች። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሊቀመንበሩ በአጃቢው ሁሉ ፊት ሲዋረድ ጠግቤ አያለሁ፤ ከዚያ ራሴ ወርጄ መቆንጠጫዋን እሰውራለሁ።

በሰርጉ ቀን ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ጣሪያው በሚታጠፍበት ላይ ትራስ ተነጥፎላቸው ጉብ አሉ። አጃቢው ጡሩምባውን እያስጮኸ ተከተለን። መኪናዬ እንዳሰብኩት እዚያው ቦታ ላይ ተንተፋተፈችና ቀጥ አለች። የቱሉ ዲምቱ ሚኒባሶች ከኋላ ተደረደሩ። ረዳቶቹ "ሙሽሮችን ግፉ እንጂ!" እያሉ ተሳሳቁ። ሊቀመንበሩ ከአንዱ አጃቢ መኪና ወርዶ ላብ እያጠመቀው ሲሮጥ በመስታወት አየሁት። ያቺን ደቂቃ ስንት ጊዜ አስቤያታለሁ! ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ያኔ ከኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ሙሽራይቱ ናት። ኩሏ በእንባ ፈሷል።

"አይዞሽ እትዬ፣ እንዳትጨነቂ። ማሽን ነው፣ ያጋጥማል" አለችኝ።

ይህች ልጅ ምንም አላደረገችኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስብ አንዴም ትዝ ብላኝ አታውቅም። እኔ ስሟገት የነበረው ከአባቷ ጋር ነው፤ በመንገዱ መሐል ያስለቀስኳት ግን እሷን ነው። ደንግጬ ስወርድ ሊቀመንበሩ ቀድሞኝ ኮፋኖውን ከፍቷል። ለካ ሙሉ ልብስ ቢለብስም መካኒክ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

መቆንጠጫዋ ከቅባቱ መሐል ታብረቀርቃለች። አያትና ቀና ብሎ አየኝ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ላጥ አደረጋትና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ዞር አለና "ቆሻሻ ነው የዘጋው! በቃ፣ ተስተካክላለች!" ብሎ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ። አንዱ ሽማግሌ "እንዲህ ነው ባለሙያ!" አለ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ካርቡራተሮቹን በጣቱ ዳበሰ።

"የኔዎቹን እንዲህ አድርገሽ አዳንሻቸው?" አለኝ በሹክሹክታ። "እኔ እኮ ተስፋ ቆርጬባቸው ነበር። በቃ ልጄ፣ ተካካስን።"

ከአፉ እንዲወጣ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ወጣ። ያ ሁሉ ሰው ከቦን ሳለ ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሙሽራይቱ እስከ አዳራሹ ድረስ ስትመርቀኝ ሄደች፤ እኔ አንዴም በመስታወቱ አላየኋትም።

አልተካካስንም። እሱ የወሰደው የብረት ዕቃ ነው፣ እኔ የወሰድኩት ከአንዲት ልጅ የሰርግ ቀን ላይ ነው፤ የእኔው ይከብዳል። ይህን ማወቄ ግን በእሱ ላይ ያለኝን ንዴት አላበረደውም፤ አባሰው እንጂ። አሁን በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ጋራዡ ነገር ሲነሳ እጄን አወጣለሁ። እሱም ከሊቀመንበር ወንበሩ ላይ ሆኖ "እሺ ልጄ፣ ተናገሪ" እያለ የኮቱን ኪስ ቀስ አድርጎ ይዳብሳል። እጄን አወርዳለሁ።