ቢረገጥ የማይሞት ተረከዝ

አባቴ ጁምዓ መሄድ የተዉት በጫማ ማሰሪያ ምክንያት ነው። ቀኝ ጎናቸውን ከታመሙ ወዲህ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፤ እግራቸውም ይጎተታል። ሸበጥ ካደረጉ እየወለቀ የሰፈራችን የሰቶ ሰመሮ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ማሰሪያ ያለው ጫማ ደግሞ መስጊዱ በር ላይ የሚፈታ፣ ሲወጡም መልሶ የሚያስር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ጁምዓ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። ሰዉ ከኋላችን ተጨናንቆ ቆመ። አንድ ሽማግሌ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ" አሉኝ። ደግ ቃል ነበር። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት መስገድ ያዙ።

"እንሂድ እንጂ አባባ" ስላቸው፣

"አላህ እዚህም ይሰማል" ይሉኛል። ከዚያ አዛኑ እስኪያልቅ በመስኮት መንገዱን ያያሉ።

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ የሚመጣልኝም ስሄድ ነው። ከኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ወደ ገበያው በእግሬ ስወርድ አንድ ስንኝ ይመጣል፤ ቆሜ ልጽፈው ስል ይጠፋል። አንዳንዴ ያለ ጉዳይ ወደ ሰቃ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ እሳፈርና በየደጁ የተሰጣውን ቡና በመስኮት እያየሁ ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። አዲስ አበባ ልሄድ ካሰብኩ ቆይቷል። ግን እሳቸው መስኮቱ ሥር እንደተቀመጡ ትቼ የት ልሂድ?

የምሠራው ገበያው ውስጥ፣ ከወላይታ የመጣ ጫማ ሰሪ ዘንድ ነው። ነገሩን ስነግረው፣ "ታዲያ ማሰሪያ የሌለው ሥራላቸዋ" አለኝ። ቀላል መሰለኝ። መጀመሪያ የሠራሁት አፉ ሰፊ፣ ጎንና ጎኑ ላስቲክ ነበር። ሰተት ብሎ ገባ። ከግቢያችን በር ሳይደርሱ ግን ቀኙ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛውን አጠበብኩት። እሱ ደግሞ ያለ ጫማ ማንኪያ አልገባም አለ፤ ማንኪያ እጅ ይፈልጋል።

ጫማ ሰሪው አገላብጦ አየው። "ገጣሚው፣ ይሄ ጫማ ነው ወይስ የአይጥ ወጥመድ?"

ብስጭት ሲለኝ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ እግር ማየት ጀመርኩ። ሰግዶ የወጣ ሰው ጎንበስ አይልም። ያልፈታውን ጫማ ተረከዙን ረግጦ፣ እንደ ሸበጥ እየጎተተ ይሄዳል። የዚህ ከተማ ጫማ ከኋላው የተጨፈለቀ ነው። ጫማ ሰሪው ይህን እንደ ኃጢአት ነው የሚያየው። ለጥገና በመጣ ቁጥር "ተረከዙን ገደልከው እኮ!" ብሎ ባለቤቱን ይቆጣል፤ እኔም ስንቱን የሞተ ተረከዝ በካርቶን ደግፌ ሰፍቻለሁ። እዚያ በር ላይ ቆሜ ግን፣ ሰዉ መርገጡን ካልተወ ቢረገጥ የማይሞት ተረከዝ ቢኖርስ ብዬ አሰብኩ።

ከሠራሁት ጫማ ኋላ ያለውን ካርቶን አውጥቼ በምትኩ ከመነዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ደርቤ ሰፋሁበት። እግር ሲጫነው ይታጠፋል፤ እግሩ ተንሸራትቶ ሲገባ ቀና ብሎ ተረከዙን ይይዛል። ለማውለቂያ ከሶሉ ጀርባ ወጣ ያለ ትንሽ ከንፈር ተውኩለት። በሌላው እግር ይረገጣል፣ ካልሆነም በደረጃ ጠርዝ ይያዛል። ማስቲሹ ለቀቀ፤ አፍርሼ እንደገና ሰፋሁ። ሲያቅተኝ ወጥቼ ገበያውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ወስፌዬን አነሳለሁ።

አባቴ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ ሳይቀመጡ እግራቸውን ሰደዱ። ገባ። አወለቁት። መልሰው አስገቡት። እንደገና አወለቁት።

"ምነው ሰውዬ፣ ልጅ ሆንክ?" አለች እናቴ።

ጁምዓ ብቻቸውን ሄዱ። እኔ ስወጣ ስገባ ዋልኩ። ቆይተው በባጃጅ መጡ። እግራቸው ላይ ያለው የማላውቀው ጥቁር የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጫማህን ወሰዱት!" ይስቃሉ።

"ሌባ!" አልኩ።

"አስተግፊሩላህ በል። ሌባ ቢሆን ኮንጎውን ይተውልኛል? ከገጠር የመጣ ሰው ነው። ተጣድፎ እግሩን ሲሰድ ገባለት፣ ሄደ። የሚይዘው ማሰሪያ አለ እንዴ?"

በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ሠራሁ። ጫማ ሰሪው ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ "ሳይለካ ለሌላ ሰው የሆነ ጫማ ጥሩ ገበያ አለው" አለ። እኔ ግን ሐሳቤ አባቴ ጋ ነበር፤ እንደገና ቤት ይቀራሉ ብዬ ፈርቻለሁ።

በቀጣዩ ጁምዓ አዛን ሳይል አዲሱን ጫማ አጥልቀው ተነሡ። ኮንጎውን በፌስታል አንጠልጥለዋል።

"ቀድሜ በሩ ላይ ቆሜ እግር አያለሁ። ሰውየው ይመጣል፣ ጫማውን ይፈልግ የለ?"

"አብሬዎት ልምጣ?"

"ምን ልትሠራ? የሚታሰር የለ።"

ደጃፉ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ቀኝ እግራቸው ጭቃው ላይ ረጅም መስመር እያሰመረ ሄደ፤ ጫማው አልወለቀም። ዞረው ያዩኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላዩኝም፤ በማዕዘኑ ታጠፉ። በመንገዱ አንድ ሚኒባስ "ሰቃ፣ ሰቃ!" እያለ አለፈ። ጎንበስ ብዬ የራሴን ጫማ ማሰሪያ አሰርኩ። አዲስ አበባ ልሄድ ወደ መናኸሪያ ልውጣ ወይስ ወደ ገበያው ልውረድ፣ ገና አልቆረጥኩም ነበር።