የዊኒ ችካል

ጎረቤቴ ክሊፎርድ አርባ ዓመት ፓርስኒፕ ሲበላ ኖረ እንጂ አንድ ቀን ዘርቶ አያውቅም። መምረጡም፣ መዝራቱም፣ ዘር ማስቀረቱም የሚስቱ የዊኒ ሥራ ነበር። ያ ነጭ ካሮት የሚመስል ሥር ውርጭ ካልመታው አይጣፍጥም፤ እዚህ እንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር ውስጥ እስከ ገና ከመሬት አይወጣም። ዊኒ ግን ከሁሉ ወፍራሟን ገናም ቢመጣ አትነካትም። አጠገቧ ችካል ትተክልና እስከሚቀጥለው በጋ ትተዋታለች፤ ያኔ አብባ ዘር ትሰጣለች። የፓርስኒፕ ዘር ከዓመት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ዊኒ ከእናቷ የወረሰችው ዘር ሁልጊዜ የሚያድረው በዚያች በአንዷ ሥር ውስጥ ነበር።

ዊኒ በጥቅምት ሞተች። ያን በጋ ታማ ስለነበር የደረሰውን ዘር የሚለቅመው ጠፍቶ ነፋስ በተነው። የቀረችው ከመሞቷ በፊት ለሚቀጥለው በጋ ችካል የተከለችላት ሥር ብቻ ነበረች።

የገና ዕለት ልጁ ከአውስትራሊያ ደወለችለት፤ ደጁን የረገጠ ሰው ግን አልነበረም። እኔም አልሄድኩም። በአጥሩ ቁመት ተጣልተን ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። በመስኮቴ ሳየው በረዶውን በእግሩ እየገፋ ወደ ዊኒ መደብ መጣ፤ ችካሉን ነቅሎ መቆፈር ጀመረ። መስኮቱን አንኳኩቼ "ተው!" ማለት እችል ነበር። ኩርፊያው አፌን ለጎመው።

በየካቲት የዘር ካታሎግ ይዞ ደጄ መጣ።

"ዶሪን፣ ኩርፊያሽን ለአንድ ሰዓት አስቀምጪልኝ። ይሄ አጭር ነው፣ አይበሰብስም ይላል። ይሄኛው ክንድ ያክላል፣ ለውድድር ነው። የዊኒ የትኛው ነው?"

"የዊኒ ካታሎግ ውስጥ የለም።"

"ታዲያ ዘሩን የት ነበር የምታስቀምጠው? ቤቱን ገለባብጬ አጣሁት።"

ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ችካሉ በረዶ ሲሸፍነው ቦታው እንዳይጠፋ መስሎኝ ነበር" አለ። ካታሎጉን ዘግቶ፣ "በዝይ ሞራ ጠበስኳት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።"

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አልኩት። ማየቴን ግን አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም፤ ያሳፍረኛል።

ካታሎጉን ትቶልኝ ሄደ። የማይበሰብሱት አዳዲሶቹ ዝርያዎች የተዳቀሉ ናቸው፤ ዘራቸውን ብታስቀር እናቱን አይመስልም። ቶሎ የሚበሰብሰውን፣ ግን ዘሩ የሚታመነውን አሮጌውን ዓይነት መረጥኩ። ሁለት ፓኬት ዘር ገዝቼ አንዱን በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ ከተትኩለት። እኔ የራሴን ዘራሁ፤ እሱ ግን አልዘራውም። በጋውን ሙሉ የዊኒን መደብ ዳዋ ወረሰው።

ዘንድሮ ገና ጠዋት መቆፈሪያውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆመ።

"ዶሪን፣ ካንቺ አንዷን ልውሰድ?"

"ውሰድ። ግማሾቹ በስብሰዋል፤ እንዳትነጫነጭብኝ።"

"ዊኒ ብታያቸው በሳቅ ትሞት ነበር።"

"ትሳቅ!"

እኔ መደብ ላይ ተንበርክኮ የእያንዳንዷን አናት አፈር በጣቱ እየጠረገ አየ። ለሳህኑ ትልቋን የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። ቆፍሮ ያወጣው ግን ቀጫጫዋን ነው። ከዚያ ከካፖርቱ ውስጥ የዊኒን ችካል አወጣና ከወፍራሟ አጠገብ በተረከዙ ረግጦ ተከለው።

"ይቺን እንዳትነኪያት" አለኝ።

ምሳ እዚህ ብላ ልለው ቃል ስፈልግ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔም የአንድ ሰው ምሳ መሥራት ጀመርኩ።