ገዱ ዝም ያለበት ቀን

ገዱን የማያውቅ በሬ ደባርቅ ገበያ የለም። የከብት ደላላ ነው። ሻጭ ዋጋ ሊጠራ አፉን ሲከፍት ገዱ ይጠራለታል፤ ገዢ «ውድ ነው» ሊል ሲል ገዱ «ርካሽ ነው አለ» ይላል። ሚስቱ ሐመልማል ከተጋቡ ወዲህ የጀመረችውን ወሬ ጨርሳ አታውቅም።

እሷ የሆድ መድኃኒት ሥር ትቆፍራለች። ሥር የሚቆፍር ሰው ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ፣ ሥሩን ለሚሰጠው ሰው እስኪያስረክብ ድረስ ቃል አይተነፍስም፤ ሰላምታ እንኳ አይመልስም። ሐመልማል ሥራውን የወደደችው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ገዱን ደም ያስቀምጠው ጀመር። ጎንደር አንዲት ሀኪም አይታው የአንጀት ካንሰር ነው አለች፤ ሳይዛመት ይቆረጥ ተብሎ ቀን ተያዘለት። ይሄኔ ሰይፈ ሥላሴ ደወለ። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ ነው፤ አምና ከሐመልማል ሥር ለምርመራ ወስዶ ነበር።

«እትዬ ሐመልማል፣ ከሥሩ ያወጣነው ጭማቂ የአንጀት ካንሰር ሕዋስ ገደለ፤ ነገር ግን...»

ገዱ ስልኩን ነጠቃት። «ገደለ አለ። ሰማሽ?» ብሎ ዘጋው።

መልሳ ስትደውል ልጁ ቀሪውን ነገራት። የገደለው በብርጭቆ ሰሀን ላይ ነው፤ ሰው ላይ አልተሞከረም፤ ሰሀን ላይማ በረኪናም ይገድለዋል።

«አንተ ሰሀን ነህ?» አለችው ባሏን።

«መድኃኒቱ ጓሮዬ በቅሎ እኔ ቢላ ሥር ልተኛ? ሰንጋ ነኝ?»

«ልጁ የሚለው እኮ...»

«ገደለ ነው የሚለው።»

ቀኑ ተቃረበ። የሐመልማል እንቅልፍ ከጠፋ ሰንብቷል። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ራስህ ቆፍረው» አለችው። «ጎንደር ወስደህ ለሀኪሟ በእጇ ስጣት፤ ያድናል ካለች እሷው ታጠጣህ። ሥርዓቱን ታውቃለህ። እጇ እስኪገባ አንድ ቃል ካመለጠህ ሥሩ ማገዶ ነው።»

«ይሄማ ለኔ...»

«ይኸው፣ ጀመርክ።»

በማግስቱ ገዱ ሥሩን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ጉንጩን ነፍቶ ከሐመልማል ጋር ሚኒባስ ተሳፈረ። ዳባት ላይ ባሽር ገባ፤ የከብት ነጋዴ ነው፣ ከገዱ ጋር በየገበያው ይናጫሉ።

«ሰላም ነው ገዱ?»

ዝም። ገዱ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሥሩን አሳየው። ባሽር ገባው። ፊቱ እንደ መስታወት በራ።

«ጎበዝ፣ ስሙኝማ» አለ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ። «ይሄ ሰውዬ ጥርሱ የረገፈ በሬ፣ ገና ጥርስ ያላወጣ ነው ብሎ ሸጠልኝ። ውሸት ከሆነ ይናገር።»

ገዱን ላብ አጠመቀው። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ በሬው ዕውርም ነበር። ኮሶዬ ላይ ላም ሆነ። ሐመልማል ነጠላዋን ነከሰች። የሚሄዱበት ነገር ትዝ ሲላት ሳቋ ይቆማል፤ የባሏን ጉንጭ ስታይ ደግሞ ይመለሳል።

ሀኪሟ ዘንድ ሲገቡ ገዱ ሥሩን ሊያስረክብ ተንደረደረ። ሐመልማል ክርኑን ያዘችው። ስለ ሥሩ ነገረቻትና «መጀመሪያ የሚነግሩትን ይጨርሱ፣ ዶክተር» አለች።

ሀኪሟ አንጀት ሥላ አሳየችው። «እብጠቱ እዚህ ጋ ነው፣ አባቴ። ገና ከአንጀቱ አልወጣም፤ አሁን ከቆረጥነው ጥሩ ተስፋ አለዎት። ሥሩ አንድ ቀን መድኃኒት ይወጣው ይሆናል። ሰው ላይ እስኪፈተን ግን ዓመታት አሉ። እብጠቱ ያን ያህል አይጠብቅዎትም።»

ገዱ ሰማ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ፊቱ ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ሐመልማል ክርኑን ለቀቀችው፤ ሥሩን ሀኪሟ እጅ ላይ አኖረ።

«ምን ያህል ነው የምትቆርጪው፣ ልጄ?» አለ።

«ስንዝር ያህል።»

«ግማሽ አድርጊው።»

«ዳር ዳሩ ንጹሕ መሆን አለበት፤ አይሆንም።»

«በቃ፣ ግማሽና ሁለት ጣት።»

«ስንዝር።»

ገዱ ጣራውን አየ፤ ገበያ ላይ እንደሚያደርገው ጥሎ ሊሄድ በሩ ድረስ ደርሶ ተመለሰ።

«በማን ስንዝር ነው? ባንቺ ነው በኔ?»

ሀኪሟ እጇን ዘረጋች። ትንሽ እጅ ናት። «በኔ።»

ገዱ መዳፏን በመዳፉ ጧ አደረገው። «ተሸጠ» አለ። ከዚያ ወደ ሐመልማል ዞረ። «አሁን ለባሽር ደውዪልኝ።»