የለፋፊው ቋሚ መልእክት

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ካድሬ ሹራቡን እንደለበሰ ከደብረ ሲና ወረደ፤ ቆላው ሹራቡን ለማስወለቅ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ይዞልን የመጣው ቴፕ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ትንሽ ጄኔሬተርና ሁለት ገጽ የቴክኒክ ቃላት ነበር። ቴፑን ለመማር ሩብ ሰዓት በቃኝ፤ ቃላቱን ለመሸምደድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ሁልጊዜ የሚደጋገመውና ካሴት ላይ የሚቀዳው «ቋሚ መልእክት» ይባላል። በየጊዜው የሚለወጠው፣ በማይክሮፎን የሚጨመረው ደግሞ «ተለዋዋጭ መልእክት» ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰማ የሚወስነው «የቅድሚያ ተራ» ነው፤ ስብሰባ አንደኛ፣ የስኳር ዕደላ ሁለተኛ፣ ሞት ሦስተኛ። ሞት ይህን አያውቅም፤ እኔ ግን ተራውን በደንብ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ በፊት ሞት የሚነግሩን የዕድራችን ለፋፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ክርስቲያን ይሙት እስላም፣ ጎህ ሲቀድ ጥሩንባቸውን እየነፉ በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ የሟቹን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ሦስት ጊዜ ይጠራሉ። ድምፃቸውን ሰምቶ የሟቹን ስም ያልለየ ሰው በራቸው ድረስ ይሄድና «ማን ነው ዛሬ?» ይላቸዋል። በኛ አገር ሙቀት ሬሳ ስለማያድር፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነበር የሚቀበረው።

ካድሬው የጋሼ ድምፅ ካሴት ላይ እንዲቀዳ፣ ጥሩንባቸው ደግሞ «ኋላ ቀር መሣሪያ» ተብሎ ግምጃ ቤት እንዲቆለፍበት አዘዘ። ጋሼ ቁጭ ብለው መለፈፍ አልሆነላቸውም። ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ሽቦው እስከሚደርስበት ድረስ ቢሮዬን ይመላለሱበት ጀመር።

«ያገሬ ሰው ስማ! የዕድራችን አባል አርፏልና ለቀብር ውጣ!» አሉና ቆሙ። «ማን ልበል?»

«እሱ ተለዋዋጭ ነው፤ ጓዲት ትሞላዋለች» አለ ካድሬው ወደ እኔ እያመለከተ።

«ስም ሳልጠራ ለፍፌ አላውቅም እኮ!»

ጥሪው ተቀድቷልና ካድሬው ቴፑን ዘጋው። ጋሼ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ፈቱ። እኔ አዲሶቹን ቃላት በማወቄ ተኩራርቼ ስለነበር አላዘንኩላቸውም፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ክረምቱ እንደወጣ ወባ ያዛቸው፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። በወጉ ጎረቤት ነበር የሚላከው። ባለቤታቸው ግን በማለዳ ራሳቸው ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ እሳቸው የስንቱን ስም ጠርተው አስቀበሩ! አንቺም ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጥሪልኝ። ሰው ባይመጣም ግድ የለኝም፤ ብቻ ስማቸው ሳይጠራ አይሂዱብኝ።»

አጠገቤ የነበረው የቀበሌው ሊቀ መንበር ከወንበሩ ሳይነሳ «ነፍስ ይማር» አለ። «ግን የዛሬው ስብሰባ ይቅደም፣ ጓዲት። ተራው ግድግዳሽ ላይ አለ።»

በገዛ እጄ በጻፍኩት ወረቀት ተረታሁ። የስብሰባውን ጥሪ ከነመፈክሩ ሦስት ጊዜ አሰማሁ። ከዚያ የጋሼን ካሴት ከፈትኩ፤ ጋሼ አገሩን ለራሳቸው ቀብር ጠሩ። ድምፃቸው የጤነኛ ሰው ነበር። ማይክሮፎኑን አንስቼ ስማቸውን ልጀምር ስል ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ። ነዳጁን መፈክሩ ጨርሶታል። መንገድ ላይ ወጥቶ በገዛ ጉሮሮ መጮህ ይቻል ነበር፤ ግን የቴክኒክ ሰው ነኝና አልታሰበኝም።

አገሩ የጋሼን ድምፅ ሰማ፤ ስም አልሰማም። ስለዚህ እንደ ልማዱ «ማን ነው ዛሬ?» ሊላቸው ወደ በራቸው ጎረፈ። በሩ ላይ የጠበቀው ለቅሶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ «ያ ረቢ! አሁን ራሳቸው ጠርተውን?» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ስብሰባው ባዶ ሆነ፤ ሊቀ መንበሩም ብቻውን ከሚሰበሰብ ብሎ ቀብር መጣ። የዚያን ያህል ሰው የወጣበት ቀብር አይቼ አላውቅም።

ከቀብር መልስ «ቋሚው መልእክት ግቡን መትቷል፤ ተለዋዋጩ በነዳጅ እጥረት አልተላለፈም» የሚል ሪፖርት በሐሳቤ እየጻፍኩ ሳለ ባለቤታቸው አጠገቤ ቆሙ። አልተቆጡም።

«ሰው መጣ፣ ልጄ» አሉ። «ስማቸው ግን አልተጠራም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ከጀውሃ ነዳጅ መጣ። ሊቀ መንበሩ ለሌላ ቀን የተላለፈውን ስብሰባ ጥሪ እንዳሰማ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ ከቀብሩ ለተመለሰው አገር፣ የጋሼን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ሊቀ መንበሩ ከኋላዬ «የተቀበረ ሰው ነው እኮ!» ይላል።

ለቅሶ ቤት የነበሩት ጎረቤቶች በኋላ እንደነገሩኝ፣ ባለቤታቸው ቀኑን ሙሉ እንባ አልወጣቸውም ነበር። ስሙ ሲጠራ ቀና ብለው አዳመጡ። ሦስተኛው ሲያበቃ «አሁን ሞቱ» አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ።