ለኦርጋኑ ድምፅ ማጉያ ስንመርጥ

ቤታችን ኦርጋን የገባው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በፊት መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ቢያንስ እኛ ሰፈር፣ ኦርጋን ያለው ቤት አላውቅም። ያመጣችው ቤሩት ሠርታ የተመለሰችው አክስቴ አበባ ናት፤ ለወንድሟ ለአባቴ ብላ። አባቴ መምህር ጌታሁን በትምህርት ቤታችን ሥነ ውበት ያስተምር ነበር። ሥዕሉንም፣ ስፖርቱንም፣ ሙዚቃውንም የሚያስተምረው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አንድም የሙዚቃ መሣሪያ ስላልነበረው ሙዚቃን የሚያስተምረው በጉሮሮውና በጆሮው ብቻ ነበር። ክፍል ሙሉ ልጅ እየዘፈነ ሳለ እጁን ያነሳና፣ «በመስኮቱ በኩል ያላችሁት ወርዳችኋል፤ ከፍ በሉ» ይላል። እውነትም በመስኮቱ በኩል ያለነው ወርደን እንገኛለን። ከዚህ የተነሳ ልክ የሆነ ድምፅ ማለት አባቴ ልክ ነው ያለው ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

ኦርጋኑ ከደብረ ታቦር የመጣው በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ ነው። መንገድ ላይ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የባቄላ ጆንያ ጭኖበት ኖሯል። ካርቶኑ ሲከፈት የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ነጭና ጥቁር ቁልፎቹ ያብረቀርቃሉ፤ መብራቱም በራ። አባቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ግን የወጣው ድምፅ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ ነበር። የራሱ ድምፅ ማጉያ ተቀዷል። አክስቴ አለቀሰች። አባቴ ግን ኦርጋኑን ገለባብጦ አየና፣ «ጎኑ ላይ መሰኪያ አለው። ሌላ ድምፅ ማጉያ እንሰካለታለን፤ ይኼ ምን ያስለቅሳል?» አላት። እሷም ሲስቅ ስታየው እንባዋን ጠረገች።

መጀመሪያ የሞከርነው ቤት ባለው ቴፕ ነው። አባቴ ገመድ ቆራርጦ ቀጠለና ሰካው። እኔ ተቀምጬ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ስጫን የቤታችን ቴፕ ከዚህ በፊት አውጥቶት የማያውቀውን ድምፅ አወጣ። ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ወደ ቴፑ ጎንበስ ብሎ፣ «ከመሀል በላይ ያለው የለም፤ ይኼ ቴፕ ቀጭን ድምፅ ይውጣል» አለ። እኔ ሰምቼዋለሁ። እሱ የለም ካለ ግን የሰማሁት ምን ነበር? ጥያቄው ያኔ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ቴፑ አሮጌ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባቴ ኦርጋኑን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ከድር ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ከድር ሳሙናም፣ ባትሪም፣ የእጅ መብራትም፣ ራዲዮም የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሱቁ የሳሙናና የናፍጣ ሽታ ነበረው። ከኋላ ባለው መደርደሪያ ላይ ልዩ ልዩ ድምፅ ማጉያዎች ደርድሯል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሸጡ ትንንሾች፣ ፊታቸው በጥቁር ጨርቅ የተሸፈኑ መካከለኞች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለሠርግ የሚከራይ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን።

«መምህር፣ ለቤት ከሆነ ትንንሾቹን ይውሰዱ። ጥርት ያሉ ናቸው» አለ ከድር።

ሰካቸው። እኔ ተጫንሁ። ውኃ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ነጥሮ ይሰማል። የመጨረሻዎቹን የቀኝ ቁልፎች ስነካማ በር ላይ የቆሙ ገበያተኞች ሳይቀሩ ዘወር አሉ። አባቴ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆየና፣ «ተጫኚያ» አለኝ።

«እየተጫንሁ ነው፣ አባዬ።»

«የላይኞቹን ነው የምልሽ።»

«የላይኞቹን ነው የተጫንሁት።»

«አይሰማም። ከድር፣ ይኼ የተበላሸ ነው። ሌላ አምጣ።»

ከድር እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ከዚያ ሌላ ጥንድ አወጣ። በእነሱም ላይ አባቴ የላይኞቹን ፈልጎ አጣቸው። በጥቁር ጨርቅ የተሸፈኑትም ተሞከሩ። «እነዚህም ደንቆሮ ናቸው» አለ። ከድር ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ቁልፉን አዞረ፤ በመጨረሻ ግራ ገብቶት፣ «እንግዲህ መምህር፣ የጆሮ ነገር እርስዎ ያውቃሉ» አለ። እንደማስበው ከልቡ ነበር። አባቴ ስለ ድምፅ ተናግሮ ሲሳሳት በከተማው ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ያን ዕለት በመንገድ ላይ የተሰማኝን ግራ መጋባት ዛሬም አልረሳሁትም። ድምፅ ማጉያዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሊበላሹ አይችሉም። አባቴም ሊሳሳት አይችልም። የቀረሁት እኔ ነኝ። የሌለ ድምፅ እሰማለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ ሴት ነበረች፤ ወደ ጠበል ሲወስዷት አይቻለሁ። እሷን አሰብሁ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ በቴፑ ስጫወት ከመሀል ወደ ቀኝ አላልፍም ነበር። ጣቴ ሳላስበው ካለፈም ደንግጬ እጄን እሰበስባለሁ። የዝናቡ ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ወፍ ስትጮህ እንኳ እማዬን፣ «ይሰማሻል?» እያልሁ እጠይቃት ጀመር።

እናቴ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ልብስ እያጠበች ሳለ ይኸንኑ ስጠይቃት እጇን ከአረፋው አወጣችና፣ «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስሁና ሁሉንም ነገርኋት። ጆሮዬን እንዳመመኝ፣ የሌለ ነገር እንደምሰማ፣ ለአባዬ እንዳትነግረው። ነጠላዋን አነሳችና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ደግ ሰው ነበር። ጆሮዬን በመብራት አየና ከኋላዬ ቆሞ፣ «የምልሽን ድገሚ» ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። «በግ» አለ። «በግ» አልሁ። «ወንበር»፤ «ወንበር»። «ገብስ»፤ «ገብስ»። እየራቀ ሄዶ በሩ ጋ ሲደርስም ሰማሁት። «የዚች ልጅ ጆሮ ከእኔም ከአንቺም ይበልጣል» አላት እናቴን። እኔ በደስታ ዘለልሁ። እናቴ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን አጥብቃ ይዛ ስለነበር ጣቶቼን አሞኝ ነበር። ለምን እንዳልተደሰተች ሊገባኝ አልቻለም።

አባቴ በረንዳው ላይ ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ የተማሪዎች ደብተር ያርማል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ከኋላው ቆመች። ልክ ነርሱ እንዳደረገው በቀስታ፣ «ጌታሁን» አለች። አባቴ ያርማል። «ጌታሁን፣ አበባ መጥታለች።» ገጹን ገለጠ። «ጌታሁን፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።» ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ አንድ ነገር አከበበ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሳይ በመጀመሪያ እየቀለደ መሰለኝ፤ ልስቅም ምንም አልቀረኝ።

ትከሻውን ስትነካው ደንግጦ ዞረ። «ምነው? መቼ መጣሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«አውቀኸዋል አይደል?»

አባቴ ተቆጣ። ከድር የሚሸጠው ዕቃ ርካሽ መሆኑን፣ የዘንድሮ ተማሪ አፉን ከፍቶ እንደማይናገር፣ እሷም ብትሆን ከሰሞኑ እያጉረመረመች እንደምታወራ ተናገረ። እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አፏን እያየ እንዲሰማት ቀስ ብላ፣ «ልጅህ ያልሰማሃቸውን ድምፆች ስለሰማች አእምሮዋን የታመመች መስሏት ስታለቅስ ከርማለች። ዛሬ ሐኪም ቤት ወስጃት ነው የመጣሁ» አለችው።

ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁ። ወደ እኔ ዞረ። «ነይ» ማለት የፈለገ ይመስል እጁን ዘረጋ። ሄጄ ጉያው ገባሁ። ደረቱ ውስጥ ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። አሁንም ፈራሁ፤ ይኼን ደግሞ እኔ ብቻ እሰማው ይሆን አልሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት አባቴ ጥርጣሬው ነበረው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ያሉት ልጆች ሲመልሱ ከንፈራቸውን ማየት ጀምሮ ነበር። የፈራው ሙዚቃውን እንዳይወስዱበት ነው። ኦርጋኑ ሲመጣ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ከተገኘ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎት እንደነበር አንድ ቀን ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄዶ ተመረመረ። የጆሮህ ነርቭ ደክሟል፤ አይመለስም አሉት፤ ባለበት እንዲቆይ መድኃኒት ሰጡት። ሲመለስ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ሙዚቃውን ለሌላ አስተማሪ አስረከበ። ሥዕሉና ስፖርቱ ቀሩለት። በሜዳው ላይ ፊሽካ ሲነፋ እየሰማው እንደሆነና እንዳልሆነ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያው ይቀራል ብዬ ነበር። አባቴ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኦርጋኑን በጋቢው ጠቀለለና፣ «ነይ፣ የሺ። ዛሬ የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ከድር ነገሩን ሰምቶ ኖሯል፤ በትንሽ ከተማ ምን ይደበቃል? አባቴን ከወትሮው ጮክ ብሎ ሰላም አለው። ከዚያም ጥግ ላይ ያለውን ትልቅ የእንጨት ሣጥን እየጎተተ፣ «መምህር፣ እጅዎን እስቲ እዚች ላይ ያሳርፉ» አለ። እኔ በግራ በኩል ያሉትን ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ቁልፎች ተጫንሁ። የሱቁ ጠረጴዛ ተንቀጠቀጠ። አባቴ መዳፉን ሣጥኑ ላይ እንዳደረገ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ከወራት በፊት የጠፋው ነገር ተመለሰ። «አለ! አለ!» አለ፤ እንደ ልጅ።

ትንንሾቹም ተሰኩ። እነሱ አሁንም ጥርት ያሉ ናቸው፤ አባቴ አጠገባቸው ቆሞ ግን እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ግራና ቀኝ ያያል። ሣጥኑን መረጥሁ።

«ለምን?» አለኝ።

«ደስ ይላል።»

«የላይኛው ድምፅስ? ጥሩ ነው?»

ጥሩ አልነበረም። በሣጥኑ ውስጥ የላይኞቹ ድምፆች ብርድ ልብስ የተከናነቡ ይመስላሉ። መዋሸትም እውነቱን መናገርም አቃተኝና ጫማዬን ማየት ጀመርሁ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አገጬን ቀና አደረገኝ። «እኔ የምሰማውን አትምረጪ፤ አንቺ የምትሰሚውን ምረጪ። እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ» አለኝ። ከድር ወደ መደርደሪያው ዞሮ የሌለ አቧራ መጥረግ ጀመረ። ትንንሾቹን ይዘን ወደ ቤት ሄድን።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ ስጫወት አባቴ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ ነበር። ዓይኑ ከጣቶቼ ላይ አይነሳም። «አውራ ጣትሽ ቀደመች» ይለኛል፤ እውነትም ቀድማ ትገኛለች። ትዝታ ቅኝትን ያስተማረኝ እንዲያ ነው። ትክክል ስሆን ራሱን ይነቀንቃል። ግን እየሰማ ነው ወይስ እያየ? ደስ ብሎት ነው ወይስ ደስ እንዲለኝ? ስንት ጊዜ ልጠይቀው አስቤ አፌ ላይ ደርሶ እንደቀረ!

ዛሬ ደብረ ታቦር ነው የምኖረው። ለቤት የሚሆን ድምፅ ማጉያ እንደ ሽንኩርት በየደጃፉ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ገመድ እንኳ አያስፈልገውም። ወጣቶቹ ጆሯቸው ውስጥ ትንሽ ነገር ሰክተው ያልፋሉ፤ ማን ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ያኔ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ድምፅ ነበር፤ የሰማውም ያልሰማውም አብሮ ይቀመጥበት ነበር። የቱ እንደሚሻል እንጃ። አባቴ አርጅቷል። የመስሚያ መሣሪያ አስገዝተንለታል፤ ያፏጭብኛል እያለ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። በዓል ሲሆን መካነ ኢየሱስ ወርጄ እጫወትለታለሁ፤ እሱም ያው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ ድምፁን አጥፍቼ ጣቶቼን ብቻ ባንቀሳቅስ እላለሁ፤ ያን ጊዜ እየሰማ ይሁን እያየ አውቅ ነበር። እጄ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል። ከዚያ ፊቱን አይና ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጌ እቀጥላለሁ።